ስቴሽን ዋገን፦ የመኪናው ዓለም ማኬሌሌ

እ.ኤ.አ በ1994 የእንግሊዝ የቱሪንግ መኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮና ሲከፈት ትረክስተን በሚባለው ሜዳ የተሰበሰበው ተመልካች ዓይኑን ማመን አቅቶት ነበር። ከአልፋ ሮሜዮ፣ ከቢኤም ደብሊውና ከፎርድ ጋር መነሻው ላይ የተሰለፈው ቮልቮ 850 ስቴሽን ዋገን ነው። አዎ፣ ስቴሽን ዋገን! ጣሪያው እስከ ጭራው ሳይወርድ የሚሄደው፣ አባወራው ልጆቹን፣ ውሻውንና የገበያ ዘንቢሉን ጭኖ የሚዞርበት መኪና። ለኳስ ተመልካች ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት፣ አንድ ክለብ ለዋንጫ ጨዋታ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ እንዲገባ የትጥቅ ያዡን እንደላከው ማለት ነው።

ሳቁ ብዙ ነበር። ነገር ግን ከጀርባው ያለው ሰው ለቀልድ የመጣ አልነበረም። መኪኖቹን ያዘጋጀው የቶም ዎኪንሾው ቡድን በ1988 በጃጓር የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈ ነው። ከሁለቱ የቮልቮ ሾፌሮች አንዱ ሆላንዳዊው ያን ላመርስ በዚያ ድል መሪውን እየተቀባበሉ ከነዱት ሦስት ሰዎች መካከል ይገኛል። ሁለተኛው ስዊድናዊው ሪካርድ ሪዴል ነበር። እነዚህ ሰዎች ተሰድበውም ዝም አላሉም። አንድ ጊዜ ከውድድር በፊት ለተመልካች ሰላምታ ሲዞሩ ከመኪናው ኋላ ትልቅ የውሻ አሻንጉሊት አስቀምጠው ብቅ አሉ። «የውሻ መጫኛ ነው አላችሁ? እሺ፣ ውሻው ይኸው!» እንደማለት።

ውጤቱስ? እውነቱ ይነገር ከተባለ ዋንጫ የለም። የዓመቱ ትልቁ ውጤት ሪዴል ያመጣው አምስተኛነት ሲሆን፣ ቮልቮ በአምራቾች ሰንጠረዥ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ። በ1995 ደንቡ ተለውጦ በመኪናው ላይ ክንፍ መግጠም ሲፈቀድ፣ ረጅሙ ጣሪያ ጥቅሙን አጣና ቡድኑ ወደ ተራው 850 ተሻገረ። ሪዴልም በ1998 በቮልቮ ኤስ40 ሻምፒዮን ሆነ። ስቴሽኑ ግን የአንድ ዓመት ተጫዋች ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ዛሬ ስለ 1994 ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ማን ነው? የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ጣሊያናዊው ጋብሪዬሌ ታርኲኒና አልፋ ሮሜዮ 155 ነበሩ። የመኪና ወዳጁ ግን ቅድሚያ የሚያስታውሰው ስምንተኛ የወጣውን ቮልቮ ነው። ነገሩ እንግዳ ይመስላል እንጂ ምስጢሩ ቅርብ ነው። ሰው በቴሌቪዥን ያየው የራሱን ቤት መኪና ነው። ጎረቤቱ በር ላይ የቆመችው መኪና ከታላላቆቹ ጋር ስትታገል አየ፣ ወደዳት።

ስሙ ነው የሚያስከፍለው

የድሮ መኪና ፍቅር የያዘው ሰው በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው ሁለት በር ባላቸው፣ አፍንጫቸው በረዘመና ስማቸው በገነነ መኪኖች ላይ ነው። ኪሱን ሲዳስስ ደግሞ የለም። ከዚያ «የድሮ መኪና የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ውድ የሆነው የድሮ መኪና ሳይሆን የድሮ ስም ነው።

የእግር ኳስ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤክሃምን ሲያስመጣ ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። የማሊያ ሽያጩ ደራ፣ ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። ያኔ ዚነዲን ዚዳን ተናገረው ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አባባል አለ። ሞተሩን አውጥቶ እየሸጡ ቤንትሌውን ሌላ የወርቅ ቀለም መደረብ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። የሆነውም ይኸው ነው። ማድሪድ የስፔንን ሊግ መልሶ ያነሳው በ2007 ሲሆን፣ ቼልሲ በ2005 እና በ2006 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ማኬሌሌ ጎል አያገባም፣ አብዶ አይሠራም፣ ፖስተሩም ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። እሱ ሲጎድል ግን ቤቱ ይፈርሳል።

ስቴሽን ዋገን የመኪናው ዓለም ማኬሌሌ ነው። ከፊት ያው ሞተር፣ ያው ካምቢዮ፣ ያው ፍሬን አለው፤ ከኋላ ደግሞ ዕቃ ይሸከማል። ሆኖም ዲዛይን አድናቂው «የሥራ መኪና» ብሎ ስለሚንቀው ብዙ ጊዜ ከወንድሞቹ ባነሰ ዋጋ ይገኝ ነበር። «ነበር» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ምክንያቱም ዓለም ነቅቷል። ኦዲ ከፖርሽ ጋር ተባብሮ በ1994 እና በ1995 የሠራው ባለ 315 የፈረስ ጉልበት አርኤስ 2 ስቴሽን፣ ብዛቱ ሦስት ሺህ እንኳ ስላልሞላ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ውድ ዕቃ ሆኗል። ቢጫው ቮልቮ 850 ቲ5-አርም የዚያኑ መንገድ ጀምሯል። የውድድር ታሪክ፣ ልዩ ቀለምና ትንሽ ቁጥር በተገናኙበት ሁሉ ርካሽ ነገር ፍለጋ መሄድ ጎል ከገባ በኋላ ግድግዳ እንደመሥራት ነው።

ኪሱን የሚያውቅ ፈላጊ ከእነዚህ አጠገብ ስም ሳያወጡ የተሰለፉትን ማየት አለበት። ቮልቮ 240 ከ1974 እስከ 1993 ሲመረት ብዛቱ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ቅርፁ ጡብ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ጡብ ተርቦ ተገጥሞለት በ1985 የአውሮፓን የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና ወስዷል፤ «የሚበር ጡብ» የሚል ቅጽል ስምም አትርፏል። የዋንጫው መኪና ሴዳን ነበር፤ የስቴሽኑ መሠረት ግን ያው ነው። በዚያ ብዛት የተመረተ መኪና ዕቃው አይጠፋም፣ የሚያውቀው መካኒክም አይታጣም። ርካሽነት ማለት ይህ ነው። የመግዣ ዋጋ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ዕቃ ፍለጋው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ቆርጦ ከመቀጠል ፈልጎ ማግኘት

«ስቴሽኑ ካልተገኘ ሴዳኑን ቆርጦ ማስረዘም አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይቻላል፤ ታሪክም አለው። የአስተን ማርቲን ባለቤት የነበረው ዴቪድ ብራውን ውሻዎቹንና የአደን ዕቃውን የሚጭንበት ዲቢ5 አማረውና አሠራ። ሌሎች ደንበኞችም አይተው ስለወደዱት ሃሮልድ ራድፎርድ የተባለው የቦዲ ሥራ ድርጅት 12 መኪኖችን ወደ ስቴሽን ለወጠ። ግን ይህ የማን ታሪክ ነው? ፋብሪካው የራሱ የሆነ ሰው ታሪክ ነው። ክለቡን የገዛ ባለሀብት ልጁን አሰልፎ ቢያጫውት ማን ይከለክለዋል?

ለተራው ሰው የሚቀርበው የማክስ ራይስቦክ ታሪክ ነው። ራይስቦክ በ1980ዎቹ አጋማሽ በቢኤም ደብሊው የናሙና መኪኖች ክፍል ይሠራ ነበር። ቤተሰቡንና ጓዙን ይዞ ለዕረፍት ለመውጣት የሚበቃው መኪና የራሱ መሥሪያ ቤት አይሠራም። ምን ያድርግ? ከኋላ ተመትቶ የተጨፈለቀ ባለ 3 ተከታታይ ሴዳን ገዛ፣ የጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ገባ፣ ስድስት ወር ገደማ ቆርጦ በየደ። መኪናው ሲያልቅ አለቆቹ አዩት። ሊቆጡት አይደለም፣ ሊያመርቱት ፈለጉ። በ1987 «ቱሪንግ» በሚል ስም ለሕዝብ የቀረበው መኪና በኋላ ከ100 ሺህ በላይ ተሸጧል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሆኖም ከልክ በላይ ያነቃቃል። ራይስቦክ ተራ ሰው አልነበረም፤ መኪና መሥራት እንጀራው የሆነ ባለሙያ ነው። ጣሪያ ሲቆረጥ የመኪናው አጥንት ይሰበራል። የኋላው በር፣ መስታወቱ፣ ማጠፊያው፣ የዝናብ ማስገቢያ ቀዳዳው ሁሉ እንደ አዲስ ይለካል። በእጁ ይህ ጥበብ የሌለው ሰው ጤነኛ ሴዳን ወስዶ ቢቆርጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። ሁለት መኪና ሊገዛበት የሚችለውን ብር ያፈስና በመጨረሻ በእጁ የሚቀረው ዝናብ የሚያፈስና ሊሸጥ የማይችል ነገር ነው።

ይልቅ አዋጪው «መገንባት» ሌላ ነው። አካሉ ጤናማ የሆነ፣ ሞተሩ የደከመ ስቴሽን ይፈለጋል። ከዚያ አካሉ የተጋጨ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ደህና የሆነ የዚያው ዘመን ሴዳን ይገኝና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ከፊት ያለው የሞተርና የካምቢዮ ዕቃ አብዛኛው ስለሚገጥም ሥራው የጋራዥ ሥራ እንጂ የፋብሪካ ሥራ አይሆንም። የማይገጥመው የኋላው ነው። የኋላ በሩ፣ የጎን መስታወቶቹ፣ የኋላ መብራቶቹ የስቴሽኑ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ገዢው ሰው እንደ ልማዱ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ከማዳመጡ በፊት ዞሮ ኋላውን ይይ። ሞተር ይቀየራል፤ የተሰበረ የስቴሽን የጎን መስታወት ግን ዓመት ሙሉ ሊያስፈልግ ይችላል።

የሳፋሪው ትምህርት

ያገለገለ መኪና ተገዝቶ፣ በባለቤቱ ጋራዥ ታድሶ ከታላላቆቹ ጋር መፎካከሩ ተረት የሚመስለው ካለ ወደ ጎረቤት ኬንያ ይመልከት። በ1965 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን ያሸነፉት የናይሮቢዎቹ ወንድማማቾች ጆጊንደርና ጃስዋንት ሲንግ የነዱት ቮልቮ ፒቪ544 አዲስ አልነበረም። ፋብሪካው ተወዳድሮበት የተወው መኪና ነበር። በዚያው ዘመን ቮልቮ ከዚህ ሞዴል ጋር የሚዛመድ «ዱዌት» የሚባል ስቴሽን ይሠራ ነበር። ስሙም ሁለት በአንድ ለማለት ነው፦ በሥራ ቀን ዕቃ፣ በዕረፍት ቀን ቤተሰብ።

ፔጆም እንዲሁ ነው። 404 ሳፋሪን በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አራት ጊዜ ወስዷል። 504 ደግሞ በ1975 በኦቬ አንደርሰን፣ በ1978 በዣን ፒየር ኒኮላ አሸንፏል። እነዚያ የውድድር መኪኖች ስቴሽን አልነበሩም፤ ከእነሱ ጋር አንድ ቤት ያደገው ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩ 504 ግን የአፍሪካን መንገድ በሌላ መልክ ያሸነፈ ነው። ውድድሩ ያለ ሰዓት መያዣ፣ ያለ ዋንጫ፣ በየቀኑ የሚደረግ ነበር፤ ሰው፣ ፍየልና ማዳበሪያ ጭኖ አቧራ ውስጥ ይሮጣል። የምዕራብ አፍሪካ የአገር አቋራጭ ታክሲ ሆኖ የኖረው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን የስቴሽኑ እርግማንም ይታያል። ሁለት በሩ መኪና ሸራ ለብሶ ጋራዥ ውስጥ ሲያረጅ፣ ስቴሽኑ እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ ይሠራል። ከዚያ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር ሆን ተብሎ መኪና በሚጋጭበት የ«ባንገር» ውድድር ስንት ደህና ስቴሽን ተጨፍልቋል! እንግዲህ ርካሽ የነበረው ነገር ብርቅ የሚሆነው ማንም ሳይጠብቀው ነው። ሁሉም የቤክሃምን ፖስተር ሲያስቀምጥ የማኬሌሌን ማሊያ ያስቀመጠ የለም።

አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው

የአዲስ አበባው የመኪና ወዳጅ ከለንደኑ የተለየ ሜዳ ላይ ነው የሚጫወተው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪና የከተማው ጭስ ቀልድ አይደለም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል። ከውጭ የሚመጣ ተጫዋች የለም፤ ያለው ቡድን ያው ነው። አገር ውስጥ ያለው የድሮ ስቴሽን ሁሉ የሚኖረው ይኸው ብቻ ነው። አንዱ ሲፈርስ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል፣ አይተካም።

በዚህ ሜዳ ላይ ሕልም የሚያልም ሰው ስለ ኦዲ አርኤስ 2 ቢያወራ ጊዜውን ያባክናል። ሊያይ የሚገባው የሚያውቀውን ነው። አዲስ አበባ «ዲኤክስ» እያለች ያቆላመጠቻት የ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶዮታ ኮሮላ ስቴሽን ሆና ተሠርታለች። ከኋላ በባሌስትራ ላይ ስለምትቀመጥ ባዶዋን ብትነጥርም ጭነት አትፈራም። 1.3 ሊትሩን 4ኬ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ በየሰፈሩ አለ። ፔጆ 504ም አለ። እነዚህ ውስጥ ዕድሜያቸውን የገፉ ባቲላሜራዎች፣ የሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ነጋዴዎችና የሠፈር ኤሌክትሪሺያኖች ሙያ ተቀብሯል። መኪናው ሲጠፋ ሙያውም አብሮ ይሄዳል።

የሚገዛው ሰው ግን ፍቅር ዓይኑን እንዳያውረው! ደላላው «አንድ እጅ ነው፣ ዶክተር ነው የነዳው» ሲል ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። መጀመሪያ ሊብሬው ይታይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ መኪናው ላይ ካለው ጋር ይገናኝ፤ ሞተር የተቀየረ ከሆነ ለውጡ መመዝገቡ ይረጋገጥ። ቦሎው ይታይ። ከዚያ ምንጣፉ ተገልጦ የኋላው ወለል ይፈተሽ፤ ስቴሽን ስንት እርጥብ ጭነት እንደተሸከመ የሚናገረው ወለሉ ነው። የኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለው ብረት በጣት ይነካ። በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት አዲስ ቀለም ስር ተኝቶ ገዢ ይጠብቃል። የኋላ በሩ ሲዘጋ ክፍተቱ እኩል ካልሆነ መኪናው ወይ ተመትቷል፣ ወይ ጎብጧል። ይህን ሁሉ ያለፈ መኪና ሞተሩ ቢያጨስም ይገዛ። ይህን የወደቀ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢመታም ይተው።

«አሮጌ መኪና ኤርባግ የለውም፣ ነዳጅ ይበላል፣ መንገድ ላይ ያቆማል» የሚለው ክርክር ውሸት አይደለም። በየቀኑ ሦስት ልጅ ይዞ ቀለበት መንገድ ላይ ለሚከንፍ ሰው ዲኤክስ ይግዛ ማለት ትክክል አይሆንም። ለዕለት ሥራ አዲሱ ኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው። ግን ክላሲክ መኪና ማለት የቅዳሜና እሁድ ነገር ነው። ለዚያ የሚሆን መኪና ሲመረጥ ደግሞ ጓደኛን፣ የሠፈር ቡድን ትጥቅንና ሁለት ኳስ ጭኖ ጃንሜዳ የሚወስደው ከሁለት በሩ ይሻላል።

ስለዚህ ነገሩ ሲጠቀለል ይህ ነው። ርካሽ ክላሲክ ስቴሽን የሚፈልግ ሰው ዝና አይግዛ፣ ብዛት ይግዛ። ጤነኛ መኪና አይቁረጥ፣ ጤነኛ አካልና ጤነኛ ሞተር ያገናኝ። ከሁሉ በላይ አይዘግይ። አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ዛሬ በየግቢው ጥግ ጎማው ተንፍሶ፣ ዶሮ የሚያድርበት ስቴሽን ያለው ሰው ለቆራሊዮ በኪሎ ሊሸጠው እያሰበ ይሆናል። ማድሪድም ማኬሌሌን ሲሸጥ የተሰናበተው አንድ ተራ አማካይ መስሎት ነበር።